እየቀረበ የቀለለ ወረዳ

ከአዲስ አበባ ወደ ለሚ የሚሄድ ሰው የጎጃሙን መንገድ ይይዛል፤ ጫንጮን ያልፍና ሙከ ጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከዚያ ዋልካውን ሜዳ አቋርጦ የጀማ ሸለቆ አፋፍ ላይ ከተማዋን ያገኛታል። መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ጀማን ከተሻገረ በኋላ ወደ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ይዘልቃል። ለሚ የምትተዳደርበት የአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን መቀመጫ ደብረ ብርሃን ግን ያለችው በደሴው መንገድ ላይ ነው። ሙከ ጡሪ ደግሞ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነች። እንግዲህ የለሚ ሰው በደብዳቤ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በአውቶቡስ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ነው።

በአገራችን ወረዳ ይከፈልልን የሚል ማመልከቻ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ዓይነቱ አለመግጠም ነው። የመንግሥት ካርታና የኑሮ ካርታ አይገናኙም። ለሚም በዚሁ መንገድ መቀመጫ ሆናለች። ዛሬ እንሳሮ የሚባለው ወረዳ ቀድሞ ሲያደብርና ዋዩ እንሳሮ በሚል ረጅም ስም ከደነባ ይተዳደር ነበር። የ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ እንሳሮ ተነጥሎ ለሚን መቀመጫው አድርጎ ተቆጥሯል፤ ሲያደብርና ዋዩ ከደነባ ጋር ቀርቷል። በዚያው ዘመን ማማ ምድርና ላሎ ምድር ተለያዩ፤ ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል ተለያዩ፤ ማፉድ መዘዞ ሞጃና ጣርማ በርና ሞጃና ወደራ ሆነ። በአማራ ክልል 105 የነበሩት ወረዳዎች እየተባዙ ሄዱ። በአገር ደረጃ በ1990ዎቹ አጋማሽ 550 ገደማ የነበሩት የከተማ አስተዳደሮችን ጨምሮ ዛሬ ከአንድ ሺህ አልፈዋል።

ቁጥሩ አድጓል። ወረዳ ራሱ ግን እንደ መንግሥት እየወረደ ነው። የምከራከረው ይህንኑ ነው። ትንሽ ወረዳ ሁሉ ደካማ ነው ማለቴ አይደለም። ችግሩ ሲከፈል ምኑ እንደሚከፈል ነው፤ ቢሮው ይከፈላል፣ ሥልጣኑና ገንዘቡ ባለበት ይቀራል፣ የመራጩ ድምፅ ደግሞ ጭራሹን ተረስቷል።

ጥያቄውን ያነሱትን ሰዎች በሞኝነት መክሰስ አልፈልግም። ከጀማ ቆላ ተነሥቶ ደነባ ለሚሄድ ገበሬ ገደሉን መውጣት ብቻ የቀን ግማሽ ይበላል። ከዚያ ሜዳው አለ። ከደረሰ በኋላ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ከሆነ ማደር አለ፤ ማደር ደግሞ ገንዘብ ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ አስቡት። ለዚህ ሰው ወረዳው ለሚ ላይ መምጣቱ እውነተኛ እፎይታ ነው፤ በአዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጦ “ወጪ ያበዛል” ማለት ቀላል ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ በማመልከቻ ላይ አይጻፍም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። መቀመጫ የሆነች ከተማ ባንክ ይከፈትባታል፣ ሠራተኛ ቤት ይከራይባታል፣ ምግብ ቤቱ ደንበኛ ያገኛል፣ የቦታ ዋጋ ይወጣል፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱና መብራቱ ቶሎ ይደርሷታል። መቀመጫነቷን ያጣች ከተማ ምን እንደምትሆን ለመማር ሸዋዎች ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም። አንኮበር የነገሥታት መናገሻ ነበረች። ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ቤተ መንግሥቱም ገበያውም ተከትሏቸው ሄደ። ዛሬ አንኮበር በወረዳ ስምነት ቀርታ የወረዳዋ ጽሕፈት ቤት እንኳ ጎረቤላ ነው። ይህን ያየ ሕዝብ “መቀመጫ ስጡን” ቢል አይፈረድበትም። መንግሥት ሀብት የሚያከፋፍለው በመቀመጫ ከሆነ ሰው የሚጠይቀው መቀመጫ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሒሳብ ነው፤ እንግልቱም የሚገባው በዚሁ በኩል ነው።

በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር ትልቅ ሐሳብ ነበር። ክልሉ በጀቱን በቀመር ከፋፍሎ እንደ ጥቅል በጀት ለወረዳው ይሰጣል፤ ወረዳው በምክር ቤቱ አጽድቆ ለትምህርት ይሁን ለውሃ ራሱ ይወስናል። ብዙ የዞን ባለሙያ ያን ጊዜ ወደ ወረዳ ወረደ። የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር እንዲህ ዓይነት ወረዳ ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይደላደል መከፈል መጀመሩ ነው። የጥቅል በጀቱ ቀመር ከሕዝብ ብዛትና ከልማት ደረጃ ጋር የተያያዘ ነው። ወረዳው ለሁለት ሲከፈል ሕዝቡ አይጨምርም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለሁለት ይከፈላል። አስተዳዳሪው ግን ሁለት ይሆናል። ካቢኔው ሁለት፣ አፈ ጉባኤው ሁለት፣ የፖሊስ አዛዡ ሁለት፣ የፓርቲ ጽሕፈት ቤቱም ሁለት። ግብርና፣ ጤና፣ ትምህርት፣ ገንዘብ፣ ውሃ፣ መንገድ፣ መሬት፣ ንግድ፣ ፍትሕ፣ ሴቶችና ሕፃናት፣ ወጣቶች፣ ሲቪል ሰርቪስ፣ ኮሙኒኬሽን እያለ ወደ ሃያ የሚጠጋ ማኅተም ይቀረጻል።

ከወረዳ በጀት ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቀድሞም ደመወዝ ነበር። መምህሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ባለሙያው ከዚያ ይከፈላሉ። ለነዳጅ፣ ለአበል፣ ለጥገናና ለመድኃኒት ማጓጓዣ የሚውለው የሥራ ማስኬጃ ከደመወዙ የተረፈው ነው። መከፈሉ የሚበላው ይህንን የተረፈውን ነው። ስለዚህ አዲስ ወረዳ ብዙ ጊዜ የውሃ ባለሙያ ኖሮት የውሃ ቧንቧ መፍቻ የሌለው፣ ሞተር ሳይክል ኖሮት ነዳጅ የሌለው ወረዳ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሏቸው በራሷ አሳጠረች አሉ ይባላል።

አንድ ያኔ አዲስ በተከፈለ ወረዳ ያየሁትን ላንሣ፤ ስሙን ልተወው። ጽሕፈት ቤቱ ከግለሰብ የተከራዩት ቤት ነው። ሳሎኑ በቺፑድ ተከፍሏል፤ በአንዱ በኩል መሬት አስተዳደር፣ በሌላው በኩል ንግድ። ንግዶቹ ስልክ ሲያወሩ መሬቶቹ ይሰማሉ። ግድግዳው ላይ የመሥሪያ ቤቱ መዋቅር በትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሳጥኖቹ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ በእስክሪብቶ “ክፍት” ተብሎ ተጽፏል። አንድ ሽማግሌ የይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጥተዋል፤ ከልጃቸው ጋር የመሬት ድርሻ ማስተካከል ይፈልጋሉ። ባለሙያው ልጅ ጨዋ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው።

“አባቴ፣ የእርስዎ ማህደር እኛ ጋ አልደረሰም። ቀድሞው ወረዳ ነው ያለው። ደብዳቤ ጽፌ እሰጥዎታለሁ፣ እርስዎ ይዘው ይሄዳሉ።”

“እዚያው ቀድሞ የምሄድበት?”

“አዎ አባቴ። ከዚያ መልሱን ለእኛ ያመጡልናል።”

ሽማግሌው ደብተራቸውን መልሰው ጠቀለሉና “እንግዲህ ቅርብ ሆናችሁልን ማለት ነዋ” አሉ። ባለሙያው ከመሳቅ በቀር ምን ይበል?

የመዝገብ ቤት ነገር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወረዳ ማለት በአብዛኛው መዝገቡ ነው፤ ማን የትኛው መሬት እንዳለው፣ ማን ግብር እንደከፈለ፣ የትኛው ውሳኔ ይግባኝ እንደተጠየቀበት የሚያውቀው እርሱ ነው። ሲከፈል ጠረጴዛና መኪና በኮሚቴ ይቆጠራል፣ ለዚህኛው ስንት ለዚያኛው ስንት ይባላል። ማህደር ግን በቀበሌ ተለይቶ ካልተቀመጠ አይከፈልም። ያረጀ ወረዳ ለዓመታት ያካበተው እውቀት ደግሞ በሠራተኞቹ ጭንቅላት ውስጥ ነው፤ ከሁለት ባለሙያዎች ጎበዙ ትዳሩና ቤቱ ያለበት ቦታ መቅረቱ የታወቀ ነው። አዲሱ ወረዳ ከኮሌጅ የወጣ ልጅ ይደርሰዋል፤ ልጁም ልምዱን ሲጨርስ ወደ ዞን ዝውውር ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ሆኖ አዲሱ ወረዳ ለሕዝቡ ተጠያቂ ቢሆን ኖሮ፣ ጉድለቱን በጊዜ መሙላት ይቻል ነበር። እዚህ ላይ ግን ከሁሉ የከፋው ውድቀት አለ። የአካባቢ ምርጫ በ2000 ተካሄደ፤ ያን ጊዜ የቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 ሰው እንዲይዝ ተደርጎ በአገሪቱ በሚሊዮን የሚቆጠር የምክር ቤት ወንበር ተፈጠረ። በሚያዝያ 2005 ተደገመ። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ሰው የመረጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልል ምክር ቤት ነበር፤ የወረዳና የቀበሌ ሣጥን አልቀረበም። ስለዚህ ከ2005 በኋላ የተፈጠረ ማንኛውም ወረዳ ሕዝቡ በዚያ ወረዳ ስም አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። መንግሥትን ለሕዝብ ለማቅረብ በሚል ተፈጥሮ ሕዝቡ ያልመረጠው መንግሥት ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንኡስ አንቀጽ 4 ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ያለው ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ነው።

በአማራ ክልል ይህ ይበልጥ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከብሔረሰብ ዞኖቹ ከአዊ፣ ከዋግ ኽምራና ከኦሮሞ በቀር ዞን የሚባለው ተመራጭ ምክር ቤት የለውም። የክልሉ ክንድ ነው። ከባሕር ዳር በታች ሕዝብ የሚመርጠው እርከን ወረዳና ቀበሌ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እነርሱም ሳይመረጡ ከአሥር ዓመት በላይ ኖረዋል። ከሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ በክልሉ የትጥቅ ግጭት ምክንያት ብዙ የወረዳ መቀመጫዎች ከገጠር ቀበሌዎቻቸው ተቆራርጠዋል። አስተዳዳሪው ከተማው ውስጥ አለ፣ ወረዳው ግን ከከተማው ዳር ያበቃል። ግጭቱ በወረዳ መከፈል የመጣ አይደለም፤ እንዲህ ቢባል ማጋነን ይሆናል። ነገር ግን ሕዝቡ የመረጠውና የሚሰማው ሽማግሌ ያለበት ምክር ቤት ቢኖር በክፉ ቀን በሁለቱ ወገን መካከል የሚቆም ሰው አይጠፋም ነበር።

ከተሞች ደግሞ በሌላ መንገድ ይከፈላሉ። ገጠሩ ከከተማው ይላቀቃል፣ ወይም ከተማው ከገጠሩ። ባሶና ወራና ደብረ ብርሃንን ከቦ ያለ ወረዳ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ግን ያለው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ማለትም በማያስተዳድረው ከተማ ውስጥ ነው። ከተማዋ በ2014 ሪጂዮፖሊታን ተብላ ደረጃዋ ሲያድግ ፋብሪካው፣ ሆቴሉና የቦታ ሊዙ የሷ ሆነ። ዙሪያውን ያለው ገበሬ ልጁን የሚያስተምርባት፣ እህሉን የሚሸጥባት፣ ሲታመም የሚታከምባት ከተማ ከእርሱ ወረዳ ጋር በጀት አትጋራም። ከተማዋ ስትሰፋ የምትወስደው መሬት ግን የእርሱ ነው። የሸዋ ሮቢት ከተማና የቀወት ወረዳ ነገርም ይኸው ነው። ጠንካራውን ከደካማው መለየት ለጠንካራው ጥሩ ነው፤ ደካማውን የጠየቀው ሰው የለም።

ለሚን ከሌሎች የሚለያት አሁን ደጃፏ ላይ የቆመው ነገር ነው። በመስከረም 2017 የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ የኢስት አፍሪካን ሆልዲንግና የቻይናው ዌስት ቻይና ሲሚንቶ የጋራ ሥራ ነው፤ 600 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፣ በቀን 150 ሺህ ኩንታል ያመርታል ተብሏል። አገሪቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ ትልቁ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ ከአንድ ትልቅ ወረዳ ግማሽ ሆኖ የተወለደው እንሳሮ ነው።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚከፋፈል ተመልከቱ። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት መሬት የማስለቀቁ፣ የንብረት ግምቱና የካሣው ጣጣ የወረዳው ወይም የከተማ አስተዳደሩ ነው። ተነሺውን ማቋቋም፣ ሥራ የሚጠይቀውን ወጣት መሰብሰብ፣ ስለ አቧራውና ስለ ከባድ መኪናው የሚመጣውን አቤቱታ መስማት የወረዳው ነው። የኩባንያ የትርፍ ግብር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 98 የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የደመወዝ ግብር የክልል ነው። ለወረዳው የሚቀረው የገበሬው የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ገቢ ግብር፣ የትንንሽ ነጋዴዎች ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ነው። ፋብሪካው ሲያተርፍ ወረዳው በቀጥታ የሚያገኘው ነገር እምብዛም የለም፤ ከኩባንያው ጋር ሊደራደር የሚቀመጠውም ሁለት የሕግ ባለሙያና አንድ መሐንዲስ ካገኘ የታደለ ጽሕፈት ቤት ነው። ደነባና ለሚ አንድ ወረዳ ሆነው ቢቀጥሉ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ይሆን ነበር ወይ? በእርግጠኝነት አልምልም። ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጠው ባለሙያ እጥፍ ይሆን ነበር፤ ድርድር ደግሞ በጉልበት ነው።

በስም የምትመሳሰላት የአዲስ አበባዋ ለሚ ኩራ በ2013 ከቦሌና ከየካ ተቆርሳ አሥራ አንደኛ ክፍለ ከተማ ስትሆን ይህን ያህል ጣጣ አልገጠማትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ግብሩን የሚሰበስበውና በጀቱን የሚሰጠው ማእከሉ አንድ ከተማ ስለሆነ ክፍለ ከተማው ቢበዛም ቢያንስም ኪሱ አንድ ነው። መክፈል ራሱ መርዝ እንዳልሆነ የሚያሳየኝ ይህ ነው።

መርዙ የሚታየው ደቡብ ላይ ነው። ሰሜን ኦሞ በ1993 ወላይታ፣ ጋሞ ጎፋና ዳውሮ ሆነ፤ ጋሞ ጎፋ በ2011 ጋሞና ጎፋ ሆነ፤ ከዚያ ነገሩ ከዞን አልፎ ክልል ደረሰ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተለየ፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተከተለ፣ የቀረው በ2015 ለሁለት ተከፈለ። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ማንንም ላለማስቀየም መቀመጫውን በቦንጋ፣ በተርጫ፣ በሚዛን አማንና በቴፒ በትኖታል። አዲሶቹ ክልሎች በተመሠረቱበት ሰሞን በወላይታና በሐድያ መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዛቸው ወራት ዘግይቶባቸው ሰልፍ ወጥተዋል። የመዋቅር ጥያቄው ግን አልቆመም፤ ክልል ያላገኘው ዞን፣ ዞን ያላገኘው ልዩ ወረዳ ይጠይቃል። አንዱ ሲሰጠው ጎረቤቱ እንደተነጠቀ ይቆጥረዋል።

ጎረቤታችን ዩጋንዳ ይህን መንገድ እስከ ጫፉ ሄዳበታለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ሙሴቬኒ ሥልጣን ሲይዙ 33 የነበሩት ዲስትሪክቶች ዛሬ ከ130 በላይ ናቸው። ምርጫ ሲቃረብ አዲስ ዲስትሪክት ማወጅ የተለመደ ሆነ፤ በምትኩ እያንዳንዱ ዲስትሪክት ከካምፓላ ጋር ብቻውን የሚነጋገር ልመና አቅራቢ ሆኗል። ዴንማርክ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2007 ከ271 ማዘጋጃ ቤቶች ወደ 98 ስትወርድ ለማዘጋጃ ቤቶቹ የበለጠ ሥራና ሥልጣን እየሰጠች ነበር። ዴንማርክን እንቅዳ አልልም፤ ገደልና ጀማ የሌለበት አገር ነው። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያያል፤ ማእከል የሚፈራው ጥቂትና ጠንካራ የአካባቢ መንግሥትን ነው፣ ብዙና ደካማውን አይፈራም። ስለዚህ “ወረዳ ስጡን” የሚለው ጥያቄ ለማእከሉ ርካሽ ጥያቄ ነው። “የግብር ድርሻ ስጡን” የሚለው ውድ ነው፤ እርሱን ሲጠይቅ የሰማሁት የመዋቅር ኮሚቴ የለም።

በኛ አገር ውዱን ጥያቄ አንድ ጊዜ የሞከረ አለ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 43 በተመረጡ 17 አውራጃዎች ተመራጭ ምክር ቤትና የራስ ገቢ ያለው አስተዳደር ሊያቋቁም ነበር። አውራጃ ከወረዳ የሰፋ፣ ከጠቅላይ ግዛት ያነሰ ነው፤ ተጉለትና ቡልጋ፣ መርሐቤቴ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ የዚያ ዘመን ስሞች ናቸው። ፓርላማው ገንዘቡ ለአውራጃ እንዲቀር አልፈቀደም፤ ትዕዛዙም ወረቀት ላይ ቀረ። ከ1984 በኋላ አውራጃ ራሱ ከመዋቅር ወጣ። አውራጃን መመለስ አለብን ብዬ አልሟገትም። ግን ወረዳን ሳያፈርሱ የአውራጃን ስፋት መመለስ የሚቻልበት መንገድ አለ። እንሳሮ፣ ሲያደብርና ዋዩ፣ ሞረትና ጅሩ አንድ ሜዳ ላይ ያሉ፣ ዋልካቸውም ችግራቸውም አንድ የሆነ ወረዳዎች ናቸው። ክረምት ሲገባ መንገዳቸው በአንድ ቀን ይበላሻል። አንድ ግሬደር፣ አንድ የውሃ ጥገና ቡድንና አንድ የመሬት መዝገብ ሥርዓት በጋራ ሊኖራቸው ይችላል፤ አስተዳዳሪያቸውና ምክር ቤታቸው እንደተለየ ሆኖ። የለሚው ገበሬ ለጉዳዩ ለሚ ይሄዳል፤ ማህደሩን ግን ደነባም፣ የሞረትና ጅሩ መቀመጫ እነዋሪም ያለ ባለሙያ ከፍቶ ያየዋል።

ዛሬ ሦስቱ ካቢኔዎች ተሰብስበው ይህን ቢስማሙ የሚያጋጥማቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ከገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ነው፤ የግሬደሩ ነዳጅ በማን የበጀት ኮድ ይወራረድ? ሁለተኛው ከዞን ይመጣል፤ ማን ፈቀደላችሁ? ሦስተኛውን የሚጠይቅ ተመራጭ ምክር ቤት እስካሁን የለም።